ሐዋሳ ለአንድ ቀን፦ የት እንብላ?

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ከልጆቻችን ጋር ሐዋሳ እናድራለን። ዓሣ የት እንብላ? ጀልባስ መቼ ይሻላል?

መልስ፦ ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሂዱ። ዓሣ አጥማጆቹ ሌሊት የያዙትን የሚያወጡት ያኔ ነው፤ ከረፈደ ምርጡ ያልቃል። ቆሮሶ (የሐይቁን ቲላፒያ ዓሣ) ስትመርጡ ዓይኑ የጠራ፣ መተንፈሻው ደማቅ ቀይ፣ በጣት ሲጫኑት ሥጋው የሚመለስ ይሁን። ጥብሱን ሙሉውን፣ ጎኑና ጎኑ ተተልትሎ እዘዙ፤ ሳይተለተል ከተጠበሰ ውጪው ሲያር አጥንቱ ዙሪያ ጥሬ ይቀራል። ዘይቱ በደንብ ካልጋለ ደግሞ ዓሣው ዘይት ጠጥቶ ይልፈሰፈሳል። በዳጣና በሎሚ ይበላል። ጥሬውን የሚወዱ ብዙ ናቸው፤ ጥገኛ ትል ሊኖረው ስለሚችል ግን ለልጆች አንመክርም። እዚያ የሚያንዣብቡት ትላልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ከሰው አይሸሹም፤ ሕፃን ዓሣ ይዞ አጠገባቸው አይቁም።

ጀልባውን ከሰዓት በፊት ጨርሱ፤ በኋላ ነፋስ ይነሣና ሐይቁ ይናወጣል። ዋጋው በሰው ይሁን በጀልባ ሳትሳፈሩ ተስማሙ፣ ለልጆቹም ልካቸው የሆነ የመንሳፈፊያ ጃኬት ጠይቁ። ጉማሬ ሲታይ ባለጀልባውን «ቅረብልን» አትበሉት።

አመሻሽ ላይ ታቦር ተራራ ውጡ፤ ከተማውም ሐይቁም ከዚያ ይታያል። ለእራት ቡርሳሜ ፈልጉ፦ ቅቤ የጠጣ የሲዳማ የእንሰት ምግብ ነው፣ ሲቀዘቅዝ ቅቤው ይረጋልና በትኩሱ።