መልስ፦ በቲሲፒ ለየብቻ የላክኋቸው ሁለት መልእክቶች ለምን ተጣብቀው ይደርሳሉ?

ቲሲፒ (ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ዳታ የሚለዋወጡበት ደንብ) መልእክት የሚባል ነገር ስለማያውቅ ነው። እሱ የሚያውቀው የባይት ጅረት ብቻ ነው። ባይቶቹ ሳይጎድሉ፣ ቅደም ተከተላቸውም ሳይዛባ እንዲደርሱ ይለፋል። አንዱ መልእክት የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር መለየት ግን የፕሮግራምህ ሥራ ነው።

እንዲህ አድርግ፦

1. ከእያንዳንዱ መልእክት በፊት ርዝመቱን በ4 ባይት ላክ። የቁጥሩን ትልቁን ክፍል የያዘው ባይት ይቅደም፤ የኔትወርክ ልማዱ እንደዚያ ነው።

2. ተቀባዩ መጀመሪያ እነዚያን 4 ባይቶች ያንብብ። አንድ ንባብ 2 ባይት ብቻ ይዞልህ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ እስኪሞላ ድረስ በሉፕ ደጋግም። ንባቡ 0 ከመለሰ ላኪው መላኩን ጨርሶ ዘግቷል ማለት ነው።

3. ከዚያ ልክ በርዝመቱ ያህል አንብብ። የተረፈው ባይት የሚቀጥለው መልእክት መጀመሪያ ነውና እንዳትጥለው።

በሁለቱ መላኪያዎች መሃል ትንሽ ቆይታ አስገባ የሚሉህን አትስማ። የኔግል አልጎሪዝምን (ቲሲፒ ትናንሽ ዳታዎችን አጠራቅሞ አንድ ላይ እንዲልክ የሚያደርገውን ዘዴ) ማጥፋትም መፍትሔ አይሆንም። ሁለቱም ችግሩን ይደብቁታል እንጂ አያጠፉትም፤ በራስህ ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ የነበረው ኮድ እውነተኛ ኔትወርክ ላይ ሲወጣ ይፈርሳል።

አንድ ነገር ግን በጣም ተጠንቀቅ። የመጣልህን ርዝመት ሳትፈትሽ አትመነው። በ4 ባይት እስከ 4 ጊጋባይት ገደማ የሚደርስ ቁጥር ይጻፋል። እኔ ጣሪያ ሳላበጅለት ቀርቼ አንድ የተበላሸ መልእክት የሰርቨሩን ሜሞሪ ጨርሶ ጣለብኝ። መልእክቶችህ ከ1 ሜጋባይት የማይበልጡ ከሆነ፣ ከዚያ በላይ የሚል ርዝመት ሲመጣ ወዲያው ግንኙነቱን ዝጋ።