«ዘብ» ወይስ «አቋቋም»?

ጥያቄ፦ በድሮ የአውሮፓ የሰይፍ ትምህርት መጻሕፍት ውስጥ ላሉ ሥዕሎች የአማርኛ መግለጫ እየጻፍኩ ነው። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1553 ሮም የታተመው የካሚሎ አግሪፓ መጽሐፍ ነው። ሰይፈኞቹ የሚቆሙባቸውን አራት መሠረታዊ ሁኔታዎች መዝገበ ቃላቱ «ዘብ» ወይም «ጥበቃ» እንድል ይመራኛል። ለጆሮዬ አልጣመኝም። ምን ልበላቸው? ሰይፉንስ ጎራዴ ማለት ያስኬዳል?

መልስ፦ ጆሮዎ አልተሳሳተም። «ዘብ» ሲባል የሚታየን በር ላይ የቆመ ወታደር ነው። «ጥበቃ» ደግሞ ዛሬ የሥራ መደብ ሆኗል።

ሥዕሎቹን ቀረብ ብለን እንያቸው። አግሪፓ ሰይፈኞቹን በላቲን ፊደል ለይቷቸዋል። ኤ የተባለው ሰይፉን ገና ከአፎቱ መዞ ማውጣቱ ነው። እጁ ከፍ ብሏል፣ የሰይፉ ጫፍ ወደ ባላጋራው ያያል። ቢ ላይ ክንዱ እስከ ትከሻው ልክ ይወርዳል። ሲ እና ዲ ላይ እጁ ይበልጥ ዝቅ ይላል። ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው የሚለወጠው ሰውየው የሚቆምበት ሁኔታ ነው። ለዚህ ደግሞ አማርኛ ዝግጁ ቃል አለው፤ «አቋቋም» ይበሉት።

«አቋም» ለምን አልሆነም? እሱን ዜናው ወስዶታል፤ የፓርቲ አቋም፣ የመንግሥት አቋም እያልን። «አቋቋም» ግን እንደ አነጋገር፣ አካሄድ፣ አለባበስ አንድ ነገር እንዴት እንደሚደረግ የሚናገር ስም ነው። ከዚያም በላይ ትምህርትን ያስታውሳል። በቤተ ክርስቲያናችን አቋቋም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ ጎንደር በዓታ የታወቀችበት። ደብተራው መቋሚያውን እንዴት እንደሚያነሣ፣ እግሩን መቼ እንደሚያንቀሳቅስ ከመምህር ሥር ቁጭ ብሎ ይማረዋል። አንዱ ለምስጋና፣ ሌላው ለፍልሚያ መሆኑ አይጠፋኝም። ግን ሁለቱም ጋ አካል የሚቆምበትን መንገድ መምህር ያስተምራል። ይህን ስሜት የሚሸከም ሌላ የአማርኛ ቃል አላገኘሁም።

ቁጥራቸውን «አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ» ይበሉ። «የመጀመሪያው አቋቋም» ካሉ አንባቢ ሰይፈኛው ከዚያ መጀመር ያለበት ይመስለዋል። እዚህ ቁጥሩ ስም ነው፤ ልክ የመኪና አንደኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ ማርሽ እንደምንለው።

ጎራዴ ይቅር። ጎራዴ ስንል ቆልመም ያለ፣ ባንድ በኩል የተሳለ ነው የምናስበው። የአግሪፓው ቀጥ ያለ ነው፣ ስለቱም በሁለት በኩል። መጽሐፍ ቅዱሳችን «ሁለት አፍ ያለው ሰይፍ» የሚለው ዓይነት ማለት ነው። አፍና ጫፍንም አያምታቱ፤ አፉ ይቆርጣል፣ ጫፉ ይወጋል።

ግሡ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁሉንም «ሰነዘረ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1610 ሲየና የታተመውን የሪዶልፎ ካፖ ፌሮን መጽሐፍ ቢያዩ፣ ሰይፈኛው የፊት ጉልበቱን አጥፎ፣ የኋላ እግሩን ወጥሮ፣ ክንዱን ቀጥ አድርጎ ተዘርግቷል። የግራ እጁ ወደ ኋላ ተለጥጧል። ይህ ሰው ዱላ እንደያዘ ሰው እጁን አላወናጨፈም። ስለዚህ «ተስፈንጥሮ ወጋ» ይበሉ። «ሰነዘረ»ን በአፉ ለሚመታው ያስቀምጡት። የተሰነዘረበትን ሰይፍ በሰይፉ ያስቆመው ደግሞ «መከተ» ነው። «ተከላከለ» ስህተት ባይሆንም ልል ነው፤ ሸሽቶም መከላከል ይቻላላ!

ስለ ኅትመቱ አንድ ነገር ልጨምር። «የተቀረጸ ሥዕል» ብቻ ካሉ አንባቢ ሐውልት ወይም ድንጋይ ላይ የተሠራ ነገር ይመስለዋል። «በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ የታተመ ሥዕል» ቢሉ ረዘም ይላል እንጂ አያሳስትም። «እ.ኤ.አ.»ንም አይርሱ። እሱ ከሌለ 1553ን በእኛ አቆጣጠር የሚያነብ ሰው መጽሐፉን ሰባት ስምንት ዓመት ወደዚህ ያመጣዋል።