ብቻዬን ስሆን ደህና ነኝ፤ ከባለቤቴ ጋር ለምን ያቅተኛል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 31 ነው፤ ካገባሁ 2 ዓመቴ። ባለቤቴ ከተኛች በኋላ ስልኬ ላይ የወሲብ ቪዲዮ አያለሁ። ያኔ ችግር የለብኝም፤ ከእሷ ጋር ግን ብልቴ ቶሎ ይላላል። ከኢንተርኔት ክኒን ልዘዝ?

መልስ፦ አይዘዙ። በዚህ መንገድ የሚሸጠው ክኒን ውስጥ ምን፣ ስንት ሚሊግራም እንዳለ አይታወቅም። እውነተኛው ሲልደናፊል (የቫያግራ መድኃኒት) እንኳ ለደረት ሕመም ከሚሰጡ የናይትሬት መድኃኒቶች ጋር ከተወሰደ የደም ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ይጥላል።

ጠዋት ሲነቁ ብልትዎ ቆሞ ያገኙታል? አዎ ካሉ፣ የደም ሥሩና ነርቩ በአብዛኛው ደህና ናቸው። ካልሆነ ግን ግፊትዎን ይለኩ፤ ስኳር፣ ኮሌስትሮልና ጠዋት የሚቀዳ የቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን) ምርመራ ያድርጉ። የብልት ደም ሥሮች ከልብ ደም ሥሮች ስለሚቀጥኑ፣ የልብ ሕመም ምልክት አንዳንዴ ልብ ላይ ከመታየቱ ከዓመታት በፊት በዚያ በኩል ይታያል።

ቪዲዮ በራሱ ስንፈተ ወሲብ ያመጣል የሚለው አከራካሪ ነው፤ ጥናቶቹም አይስማሙም። ልማዱ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰውነት በየደቂቃው ለሚቀያየር ምስልና ለጠበቀ፣ ለፈጠነ እጅ ሲለምድ የሰው ገላ ይቀዘቅዝበታል። አንዴ ካቃተዎት ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ሚስትዎን ትተው ብልትዎን መጠባበቅ ይጀምራሉ፤ ጭንቀቱ የሚለቀው አድሬናሊን የደም ሥሩን ያጠባል፣ ብልቱም ይላላል።

ስልኩ ከነቻርጀሩ ከመኝታ ቤት ይውጣ። ለ2 ሳምንት ግንኙነት ይቅር፤ በምትኩ በሳምንት 3 ቀን፣ ለ20 ደቂቃ ያህል፣ ጡትና ብልት ሳይነካ ተራ በተራ ተዳሰሱ። በቀጣዮቹ 2 ሳምንታት ብልትም ይጨመር፤ ሲቆም እጃችሁን አንሡ፣ ይላላ፣ እንደገና ጀምሩ። ግንኙነት ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ባሎች የሚያበላሹት እዚህ ላይ ነው፦ በ4ኛው ቀን «ቆመልኝ» ብለው ይቸኩላሉ፤ ያ ጭንቀት ይመለሳል። ብቻዎን ሲሆኑም ያለ ቪዲዮ፣ በላላ እጅ ይሁን።

ይህ ሁሉ ለባለቤትዎ ካልተነገረ አይሠራም። ዝም ካሏት «አስጠላሁት» ብላ ልትደመድም ትችላለች፤ እያየች የተኛች መስላ የቆየችም ሊሆን ይችላል።

ሱስ ይዞኝ ይሆን ካሉም፣ የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ መለኪያው የሚያዩት ብዛት አይደለም፤ መቆጣጠር አቅቶ ሥራን ወይም ትዳርን ለ6 ወር ያህልና ከዚያ በላይ መጉዳቱ ነው። ጸጸት ብቻውን በሽታ አይባልም። በ8 ሳምንት ለውጥ ከሌለ ሁለታችሁም አብራችሁ ወደ ሐኪም ቅረቡ።