የማታ ተማሪዎችን ቀሪ በተመለከተ

ውድ እህታችን፣ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ኮሌጅ የማታ ተማሪዎችን ማስተማር እንደ ጀመሩ፣ ኮሌጁ የትምህርቱን 85 በመቶ ያልተከታተለ ተማሪ ለማጠቃለያ ፈተና እንዳይቀመጥ እንደሚከለክል፣ ደንቡን ቢያጠብቁ ሦስት ጎበዝ ተማሪዎችን እንደሚያጡ፣ ቢያላሉት ደግሞ ክፍሉ ባዶ እንዳይቀር እንደሚሰጉ ገልጸው ምን ማድረግ እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔም በዚያው አካባቢ ለዓመታት በማታው መርሐ ግብር ስላስተማርኩ ያየሁትን በዝርዝር ልጻፍልዎ።

በቅድሚያ ስሌቱን እንመልከት። ሦስት ክሬዲት አወር ያለው ኮርስ በ16 ሳምንት 48 ሰዓት ይሆናል፤ መቅረት የሚቻለው 15 በመቶው ሰባት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው። ትምህርቱ በሳምንት ሦስት ቀን አንዳንድ ሰዓት ለሚሰጠው የቀን ተማሪ ይህ ሰባት ቀን ያህል ሲሆንለት፣ በአንድ ምሽት ሦስቱንም ሰዓት ለሚማረው የማታ ተማሪ ግን ሁለት ምሽት ብቻ ነው። ሦስተኛውን ከቀረ ከፈተና ይታገዳል። አራት ወር ለሚጠጋ ጊዜ አንድ ለቅሶ፣ አንድ የልጅ ሕመምና አንድ የወር መጨረሻ ሂሳብ መዝጊያ የማይገጥመው ሠራተኛ ማን ነው?

ብዙዎቻችን የምንይዘው መፍትሔ «ማስረጃ ያመጣ ይፈቀድለታል» የሚል ነው፤ እኔ አልደግፈውም። የሐኪም ወረቀት የሚኖረው ካርድ አውጥቶ የታከመ ሰው ነው፤ ጠበል የሰነበተ ወይም እናቱን ሲያስታምም ያደረ ሰው ከየት ያመጣል? ከዚህም የሚብሰው፣ ፈቃድ በልመና የሚገኝ ከሆነ ደፋሩ ቢሮ ድረስ መጥቶ ሲያገኝ ይሉኝታ የያዘው ዝም ብሎ ኮርሱን ይጥላል። ስለዚህ ርኅራኄው ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ በኮርስ አውትላይኑ ላይ ለሁሉም እኩል ተጽፎ መሰጠት አለበት ብዬ አምናለሁ።

አንዲት ተማሪዬ እናቷን በቀበረች በሦስተኛው ቀን ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ክፍል ገባች፤ አስቀድሞ ሁለት ቀሪ ስለነበረባት ነው የመጣችው። ደብተሯን ሳትገልጥ ትምህርቱ እስኪያልቅ ተቀምጣ፣ የፊርማው ወረቀት ሲደርሳት ፈርማ ሄደች። መዝገቡ ተገኝታለች ይላል። እንዲህ ያለውን መገኘት ትምህርት ብዬ ልቆጥረው አልችልም።

የእኔ አሠራር እንዲህ ነው። የቀረ ሰው ምክንያቱን እንዲነግረኝ አላስገድደውም፤ ያመለጠውን ምሽት ግን ማካካስ አለበት። ምዕራፉን አንብቦ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ማጠቃለያ በእጁ ጽፎ ያመጣል፤ ከሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ በፊትም ለጥቂት ደቂቃ በቃል እጠይቀዋለሁ። ካስረዳኝ ምሽቱ ይያዝለታል። ክፍሉ ባዶ ይቀራል ብለው የሚሰጉትን ያህል አይሆንም፤ ማካካሱ ከመገኘቱ የበለጠ ስለሚያደክም መምጣት የሚችል ሰው ሁሉ ይመጣል። በእኔ ልምድ ክፍል የሚራቆተው መምህሩ ተማሪው እጅ ያለውን ሃንድአውት መልሶ ሲያነብ ነው።

ማርፈድንም ከቀሪ ለይተው ይዩት። 11፡30 የሚጀምር ክፍል፣ ከሥራ ወጥቶ ሜክሲኮ ወይም መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ለቆመ ሰው በጣም የቀረበ ሰዓት ነው፤ ከፒያሳ ወደ ከተማዋ ዳር ለተዛወሩትም የመመለሻው ነገር አለ። እኔ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ለክለሳና ለጥያቄ አድርጌ አዲሱን ትምህርት 12 ሰዓት ላይ እጀምራለሁ። በረመዳን ወር ደግሞ የዕረፍቱን ሰዓት ከማፍጠሪያው ጋር አገጣጥመዋለሁ፤ ለዚህ ማንም እጁን አንሥቶ እንዲያስፈቅድ አልፈልግም።

ይህ ሁሉ ለንድፈ ሐሳብ ትምህርት ነው። ቤተ ሙከራና የሆስፒታል ልምምድ በወረቀት አይካካስም፤ ነርስነት የሚማር ሰው መርፌ መውጋትን አንብቦ ሊያውቀው አይችልም። እዚያ ርኅራኄ ማለት ሌላ የልምምድ ቀን ማመቻቸት ነው እንጂ ቀሪውን እንዳላዩ ማለፍ አይደለም።

ስም መጥራቱንም አይተዉት፤ ማን እየጠፋ እንደሆነ የሚታወቀው በእሱ ነው። ሁለት ምሽት በተከታታይ የቀረ ተማሪ ካለ ደውዬ «ደህና ነህ ወይ?» እላለሁ። ብዙ ጊዜ የምሰማው ከሥራ መቀነሱን ወይም የክፍያው ቀን ማለፉን ነው፤ ይህ ከእኔ አቅም በላይ ቢሆንም ወደ ተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ መምራት እችላለሁ።

ስለ ሦስቱ ተማሪዎች፣ የተከለከሉት ዝርዝር ሬጅስትራር ከመድረሱ በፊት የማካካሻውን ዕቅድ ከነቀኑ ጽፈው ለትምህርት ክፍል ኃላፊው ያቅርቡና በፊርማ ያጸድቁት። ቀሪያቸውን በራስዎ መዝገብ ላይ ብቻ እንዳያስተካክሉ አደራ እላለሁ፤ ኋላ ቢመረመር ውጤታቸው የሚሰረዝባቸው እነሱ ናቸው።