የቃላት ጥያቄና መልስ፦ ጎንደር፣ ከልብ፣ ካሳ

በዚህ ወር ከጎንደር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ነገር ላይ ነው የሚያጠነጥኑት፣ የኛ ቃል ከሌላ አገር ቃል ጋር ቁርጥ አንድ ሆኖ ሲገኝ ዝምድና አላቸው ወይስ እንዲሁ ገጥሞ ነው የሚል። ደስ የሚል ጥያቄ ስለሆነ አምዱን በሙሉ ለሱ ሰጥተነዋል። (ዓመተ ምህረቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ሞባይሉ ላይ ካርታ ከፍቶ ፖርቹጋል ውስጥ ጎንደር የሚባል ቦታ አሳየኝ። ፖርቹጋሎች ድሮ እኛ አገር መጥተው ነበር ሲባል እሰማለሁ፣ ታዲያ የከተማችን ስም ከነሱ ነው እንዴ የመጣው? ፊልም ላይም ጎንዶር የሚባል አገር አለ ይለኛል። (ከአዘዞ)

መልስ፦ እትዬ፣ ልጅዎ ያሳየዎት እውነት ነው። ሰሜን ፖርቹጋል ውስጥ በአማራንቴም በጊማራይንሽም አካባቢ ጎንዳር የሚባሉ ቦታዎች አሉ፣ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከኛው ጋር አንድ ነው። እዛው ጎንዶማር የሚባል ከተማም አለ። ነገሩ ምንድነው፣ ሱዌቢና ቪዚጎት የሚባሉ የጀርመን ነገዶች ከ5ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያንን አካባቢ ገዝተውት ስለነበር የሰዎቻቸው ስም የመንደር ስም ሆኖ ቀርቷል፣ "ጉንድ" በነሱ ቋንቋ ጦርነት ማለት ነበር፣ ስለዚህ የነሱ ጎንዳር መነሻው የአንድ ሰው ስም ነው ማለት ነው።

ወደኛ ስንመጣ ደግሞ የፖርቹጋል ወታደሮች የገቡት በ1541 ነው፣ በክሪስቶቫው ዳ ጋማ እየተመሩ 400 ያህል ሆነው ግራኝን ለመውጋት። አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636 ነው፣ ያውም ፖርቹጋሎቹን ተከትለው የመጡትን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ካገር ካስወጡ በኋላ። ንጉሥ ያባረራቸውን ሰዎች አገር ስም ለመናገሻው ያወጣል የሚለው ለኔ አይዋጥልኝም። ስማችን በድሮው አጻጻፍ ጐንደር ነው፣ ይህቺ ከንፈር ተጠቅልሎ የምትወጣ ጐ ግዕዝም አማርኛም አገውኛም የሚያውቋት የዚሁ አገር ድምፅ ናት።

ጎንዶር የተባለው እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን ራሱ በፈጠረው ቋንቋ የሰየመው አገር ነው፣ "ጎንድ" ድንጋይ፣ "ዶር" ምድር፣ የድንጋይ ምድር ማለት ነው። የፋሲልን ግንብ አይቶ ላደገ ሰው እንዴት ልክ እንደሚመጣ! ግን ገጠመ እንጂ አልተዛመደም።

ጥያቄ፦ የአብነት ተማሪ ነኝ። ግዕዝ ውሻን ከልብ ይለዋል። ጓደኛዬ "ውሻ ጌታውን ከልብ ስለሚወድ ነው እንደዛ የተባለው" ይላል። እውነት ነው? (ከደብረ ብርሃን ሥላሴ አካባቢ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጓደኛህ ሐሳብ ደስ ይላል ግን አይሆንም። አማርኛው ሁለት ቃል ነው፣ "ከ" እና "ልብ"። ግዕዝ ደግሞ "ከልብ የመጣ" ለማለት "ከ" አይልም፣ "እም" ነው የሚለው፣ አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። የውሻው ከልብ ግን አንድ ወጥ ቃል ነው፣ ሲበዛ ከለባት የሚሆነው፣ ዳዊት ስትደግም የምታገኘው። አፍህ ላይም ይለያል፣ "ልቤ" ስትል ብዋ ትጠብቃለች፣ የውሻው ላይ ግን ትላላለች።

ዘመዶቹን ደግሞ እያቸው። ትግርኛ ከልቢ፣ አረብኛ ከልብ፣ ዕብራይስጥ ኬሌቭ፣ ሁሉም ውሻ ነው። በጥንቷ ኢራቅ ይነገር የነበረው አካድኛ ከ4 ሺህ ዓመት በፊት ውሻን "ከልቡ" ልብን ደግሞ "ሊቡ" ይል ነበር፣ ያኔም ሁለቱ ቃላት ለየብቻ ነበሩ፣ አማርኛ የሚባል ቋንቋ ገና ሳይኖር። ይሄ እንግዲህ እውነተኛ ዝምድና ነው። ዝምድና መሆኑ የሚታወቀው ደግሞ አንድ ቃል ስለመሰለ ሳይሆን ድምፆቹ በሰልፍ ስለሚሄዱ ነው፣ ለምሳሌ እኛ ሰ የምንልበት ቦታ ዕብራይስጥ ብዙ ጊዜ ሽ ይላል፦ ሰላም ሻሎም፣ ስም ሼም፣ ሰማይ ሻማይም፣ ራስ ሮሽ፣ ሰባት ሼቫ። እንዲህ ተደርድሮ ሲመጣ አጋጣሚ ነው ማለት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ጣሊያንኛ ካሳ ቤት ነው ሲሉኝ ገረመኝ፣ የአፄ ቴዎድሮስ የልጅነት ስም ካሳ አይደል? ፒያሳ የጣሊያን ቃል ከሆነ ካሳስ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ፒያሳ አዎ፣ የጣሊያን ነው፣ አደባባይ ማለት ነው፣ ከ1936 እስከ 1941 ጎንደር ላይ ሲቀመጡ የተዉት ሰፈርና ስም ነው። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ላቫጆ፣ ቦሎ፣ ቻው ሁሉ ከጣሊያንኛ ነው፣ ዕቃው ወይም ልማዱ መጣ ስሙም አብሮ መጣ። ካሳ ግን እንደሱ አይደለም። ካሳ ኃይሉ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት በ1855 ነው፣ ጣሊያን ጎንደር ከመግባቱ 81 ዓመት በፊት። ቃሉ ለጠፋ ነገር የሚከፈል ምትክ ነው፣ ለዚህም ነው ልጅ የሞተበት ቤት ቀጥሎ የተወለደውን ካሳ፣ ካሳዬ፣ ምትኩ፣ ተካ የሚለው። ትግርኛ ዛሬም ካሕሳ ይላል፣ አማርኛ ግን እንደ ልማዱ ሐን ከመሀል ውጦ ካሳ አደረገው። የጣሊያኑ ካሳ ከላቲን ነው፣ ጎጆ ማለት ነበር፣ መሀሉ ላይ ምንም ሐ የለበትም።

ይሄ ወደ ኋላ ሄዶ የድሮውን መልክ ማየት የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ፋርስኛ "ባድ" መጥፎ ማለት ነው፣ እንግሊዝኛም ባድ መጥፎ ነው፣ ሁለቱ ቋንቋዎች ደግሞ በእውነት የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው፣ ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም፣ ግን የጥንቱ ፋርስኛ "ዋድ" ነበር የሚለው፣ ዋው ወደ ባ ተለውጦ ነው የእንግሊዝኛውን የመሰለው። ሰሜን አውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ውስጥ ምባባራም የሚባል ቋንቋ ነበር፣ የቋንቋ ተመራማሪው ዲክሰን ሄዶ ውሻ ምን ትሉታላችሁ ሲል "ዶግ" አሉት! ከእንግሊዝኛ የተዋሱት ይመስላል አይደል? ግን ጎረቤት ዘመድ ቋንቋቸው "ጉዳጋ" ይላል፣ ምባባራሞች ጫፍና ጫፉን ቆርጠው ነው ዶግ የቀራቸው። ሦስት ድምፅ ብቻ ያለው ቃል እኮ በ7 ሺህ ገደማ ቋንቋ ውስጥ የሆነ ቦታ መግጠሙ አይቀርም፣ ባይገጥም ነበር የሚገርመው።

ጥያቄ፦ እማማ፣ ማማ፣ ሁሉም አገር እናት እንዴት አንድ ሆነ? (ከማራኪ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከሕፃናት አፍ ነው። ሕፃን መጀመሪያ የሚቀለው ከንፈር ገጥሞ የሚወጣ ድምፅ ነው፣ ማ፣ ባ፣ ፓ፣ ወላጅ ደግሞ "እኔን ጠራኝ" ብሎ ይወስደዋል፣ በየአገሩ ለየብቻው የተፈጠረ ነገር ነው። ግን ሁሉም አገር አንድ አይደለም፣ በጆርጂያ ቋንቋ "ማማ" አባት ነው፣ እናት "ዴዳ"።