ለአንድ ቡድን ብቻ የተከለለ ኮር፦ ጥያቄና መልስ

ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልድያ ሆናችሁ ሰርቨር የምትጠብቁ ልጆች፣ እንዴት ናችሁ? ስለ ሊኑክሱ ሲፒዩሴት፣ ማለትም አንድ የፕሮሰሶች (የሚሮጡ ፕሮግራሞች) ቡድን በየትኞቹ የሲፒዩ ኮሮች ላይ እንደሚሮጥ ስለሚወስነው መሣሪያ፣ የላካችሁትን ጥያቄ አንድ ላይ መልሻለሁ።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ ለዳታቤዙ 4 ኮር ከለልኩ። «ሲፒዩ ኤክስክሉሲቭ» የሚለውንም 1 አደረግኩት። ሌላ ፕሮሰስ ግን አሁንም እዚያው ይሮጣል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምንም አላጠፋህም ወንድሜ፤ ስሙ ነው ያሳሳተህ። በመጀመሪያው የሲግሩፕ (ሊኑክስ ፕሮሰሶችን በቡድን የሚያስተዳድርበት ሥርዓት) ስሪት ይህ ምልክት የሚከለክለው ጎረቤት ቡድኖችን ብቻ ነው። ወላጁ ቡድን፣ ማለትም ያንተን ቡድን በሥሩ የያዘው፣ ኮሮቹን አይለቅም። ወላጁ ውስጥ የቀሩ ፕሮሰሶች እንደልባቸው ይገባሉ። እነሱን ለቅመህ ወደ ሌላ ቡድን አዛውራቸው።

ከቻልክ ግን ወደ ሁለተኛው ስሪት ተሻገር። በ2019 ከወጣው ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) 5.0 ጀምሮ «ፓርቲሽን» የሚባል ፋይል አለ። እሱ ላይ «ሩት» ብለህ ስትጽፍ ኮሮቹ ከወላጁ ላይ የምር ይቀነሳሉ። ለኔ እውነተኛው ክልል ይሄ ነው።

ከወልድያ፦ «ሩት» ብዬ ጻፍኩ፣ ሳነበው ግን «ኢንቫሊድ» ይላል።

መልስ፦ መልሰሽ ማንበብሽ ጎበዝ! ብዙ ሰው ጽፎ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ወላጁ ራሱ ፓርቲሽን ስላልሆነ ነው፤ ወይም ኮሩን ጎረቤት ቀድሞ ይዞታል። አዳዲስ ከርነሎች ምክንያቱን እዚያው በቅንፍ ይጽፉልሻል።

ከሐይቅ፦ ዶከር (ፕሮግራምን በኮንቴይነር ለይቶ የሚያስኬደው መሣሪያ) ላይ የኮር ቁጥር ብሰጥ ብቻዬን እሆናለሁ?

መልስ፦ አትሆንም። ያንተ ኮንቴይነር ከዚያ አይወጣም፤ ሌላው ግን ይገባል።

ከኮምቦልቻ፣ በድጋሚ፦ ክልሉ ሠራ። መዘግየቱ ግን አልጠፋም።

መልስ፦ ሲፒዩሴት ፕሮሰስን እንጂ ኢንተራፕትን (ሃርድዌር ኮሩን ሥራ የሚያቋርጥበትን ጥሪ) አያግድም። የኔትወርክ ካርዱ አሁንም ኮርህን እየቀሰቀሰ ሊሆን ይችላል። የእያንዳንዱን ኢንተራፕት አቅጣጫ ለብቻው አዙር። ሃይፐርትሬዲንግ (አንድ ኮር እንደ ሁለት ሆኖ የሚቆጠርበት) ካለም አንዱን ኮር የሚጋሩትን ሁለቱንም ቁጥሮች አብረህ ውሰድ። መንታውን ለሌላ ከተውከው ውስጥ ያለውን ማስሊያና ካሽ (ፈጣኑን ጊዜያዊ ማከማቻ) እየተሻማህ ነው።

ከደሴ፦ ታዲያ ለሁሉም ቡድን ለየብቻ ብከልል አይሻልም?

መልስ፦ እባክህ አታድርገው። የመስኖ ውሃ በተራ ሲጠጣ ያየ ሰው ይሄ ይገባዋል፤ የአንዱ ማሳ ከጠገበ ውሃው ወደ ቀጣዩ ይዞራል። የተከለለ ኮር ግን ባለቤቱ ቢተኛም ለሌላ አይዞርም። ለአብዛኛው ሥራ «ሲፒዩ ዌይት» የሚባለው የድርሻ ቁጥር ይበቃሃል። መነሻው 100 ነው፣ ከ1 እስከ 10000 ይሄዳል። ሥራ ሲበዛ በድርሻ ያካፍላል፤ ሌላው ሥራ ከፈታ የሱን ትርፍ ትጠቀምበታለህ። ክለላውን መዘግየት ለማይችል አንድ ሁለት ሥራ አቆየው።