የጌሾው ቅጠልና እንጨት ከድፍድፉ መቼ ይውጣ?

ጠያቂዋ እኅታችን፣ ቢራ በቤታቸው የሚጠምቁ ሰዎች እርሾ ከመጨመራቸው በፊት የሆፑን፣ ማለትም ለቢራ ምሬት የሚሰጠውን ተክል፣ ዝቃጭ እንደሚያስወግዱ አንብበው፣ በጠላ ጋናቸው ውስጥ የተንሳፈፈውን ጌሾ አሁኑኑ ያጥልሉት ወይስ ይተዉት እንደሆነ ጠይቀዋል። ድፍድፉ ሥራውን እስኪጨርስ ባይነኩት ይሻላል።

ሆፕ ከብቅሉ ውኃ ጋር እሳት ላይ አንድ ሰዓት ያህል ይንተከተካል፤ ምሬቱም የሚወጣው በዚያ ሙቀት ስለሆነ፣ ለመዓዛ ሲባል ኋላ ከሚጨመረው በቀር የተረፈው ቅጠል ቢወገድ ብዙ የሚጎድል ነገር የለም። ጌሾ ግን በእኛ በጎንደሮቹ ቤት እሳት ሳያይ ጥንስሱ ውስጥ ይገባና ምሬቱን ቀስ በቀስ ይለቃል፤ ስለዚህ ገና በሦስተኛው ቀን ያጠለለው ሰው ያልወጣውን ምሬት አብሮ ይደፋል፣ ጠላውም ለዛ ከማጣቱ በላይ ቶሎ ይኮመጥጣል፤ የሚያኮመጥጡትን ተሕዋስያን ከሚገቱት አንዱ ጌሾው ነውና።

ቅጠሉና እንጨቱ ጠባያቸው ይለያያል። የተወቀጠው ቅጠል ፈጥኖ ይለቃል፤ ዱቄቱም ከብቅሉ ጋር ስለሚዘቅጥ በማጥለያ ልያዘው ቢሉ ቀዳዳውን ከመድፈን በቀር ፋይዳ የለውም። የተከተከተው እንጨት ዘግይቶ ይለቃል፤ አንዳንዶች በንጹሕ ሻሽ ቋጥረው ይጨምሩታል፣ ሆኖም ቋጠሮው ከጠበቀ መሐሉ ሳይርስ ስለሚቀር እኔ ልቅ አድርጌ መጨመሩን እመርጣለሁ። ቅዳሜ ገበያ ተፈጭቶ ከሚሸጠው ይልቅ ቅጠሉን ገዝቶ፣ አበጥሮ፣ በቤት መውቀጥም ግማሹን ችግር ያቃልላል።

ዋናው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ላዩ ላይ ነው። ከሥር የሚወጣው ጋዝ ገለባውንና እንጨቱን አንሥቶ ወፍራም ሽፋን ይሠራል፤ ሽፋኑ አየር እየነካው ሲደርቅ መጀመሪያ የሚሻግተው እሱ ነው። ስለዚህ ጋኑ እስኪመረግ ድረስ ጠዋትና ማታ በንጹሕ ማማሰያ ወደ ታች ተጭነው ያርጥቡት፤ ከተመረገ በኋላ ግን «እስቲ ልየው» እያሉ አይክፈቱት። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ ካዩ ላዩን ብቻ ገፍፎ መጠቀም ስለማያዋጣ ሁሉንም ይድፉት። በፕላስቲክ በርሜል የሚጠምቁ ከሆነም ጋዙ መውጫ ካላገኘ ሊያፈነዳው ስለሚችል ክዳኑን አያጥብቁት።

መድረሱን ራሱ ጌሾው ይነግርዎታል፦ መንተክተኩ ይበርዳል፣ የተንሳፈፈው ይሰምጣል፣ ከላይ ጠራ ያለ ውኃ ይታያል። በሐምሌና በነሐሴ ብርድ ይህ ከመጋቢት ይልቅ ይዘገያል። ያን ጊዜ ውኃውን ሞልተው አንድ ሌሊት ያሳድሩት፤ በማግስቱም ጋኑን ሳያዘነብሉና ሥሩን ሳይነኩ ከላይ በጣሳ እየቀዱ በነጭ ጨርቅ ያጥልሉት። ጉሽ የሚወድ እንግዳ ካለዎት ጨርቁም አያስፈልግም። በቀረው ላይ ጥቂት ውኃ ጨምረው ቅራሪ ያውጡበት፤ አተላውን ለከብት ሲሰጡ አልኮሉ እንዳያሰክራቸው በአንድ ጊዜ አያብዙባቸው።